"ሰነዱ የለም" ስትባዪ፦ ሪከርድ ማኔጅመንትና ግልጽ መንግስት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ወረዳ ኮሙኒኬሽን ላይ ነው የምሰራው። ሰው መረጃ ሲጠይቀኝ ወደሚመለከተው ክፍል እሄዳለሁ፣ ግማሹን ጊዜ 'ሰነዱ የለም' ነው የምባለው። አለቃዬ ስካነር ተገዝቶ ሁሉም ዲጂታል ከሆነ ችግሩ ያልቃል ይላል። ሪከርድ ማኔጅመንት (የሰነድ አያያዝ ማለቴ ነው) ከግልጽ መንግስት ጋር እውነት ይሄን ያህል ይገናኛል? ከየት ልጀምር? ሰነዱ በቃ ከጠፋስ ለጠያቂው ምን ብዬ ልጻፍለት?"

እህቴ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ስለ ግልጽነት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ህጉ ነው፣ ሚዲያው ነው፣ የባለስልጣኑ ፈቃደኝነት ነው፣ መዝገብ ቤቱን የሚያነሳው ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። የኔ ስራ ሪከርድና ማህደር ነው፣ ብዙ አመት የቆየሁበት ሙያ ነው፣ እና አጭሩ መልሴ አዎ በደንብ ይገናኛል ነው። ጠያቂው ዛሬ አንቺ ቢሮ ሲመጣ መልሱ ቀድሞ ተወስኗል፤ የዛሬ ሶስት አመት ያ ደብዳቤ በገባ ቀን ቁጥር ተሰጥቶት ፋይሉ ውስጥ ከገባ ታገኚዋለሽ፣ የሆነ ሰው ጠረጴዛ ላይ ከቀረ ደግሞ አንቺ የፈለገ ቅን ብትሆኚ የምትሰጪው ነገር የለሽም።

ህጉን ስራሽ ስለሆነ ታውቂዋለሽ ብዬ ቶሎ ልለፈው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። አዋጅ 590/2000 ደግሞ የመንግስት መስሪያ ቤት እጅ ያለን መረጃ ሰው ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ፤ በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙሃን አዋጅ ቁጥር 1238 የሚዲያውን ክፍል ሲተካ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ቀጥሏል፣ ስለዚህ "590 እኮ ተሽሯል" የሚልሽ ሰው ካለ ዝም ብለሽ እንዳትቀበዪው። የህዝብ ግንኙነት ሃላፊው በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ጠያቂው ካልረካ ለመስሪያ ቤቱ የበላይ ሃላፊ፣ ከዛም ለህዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ልብ በይ መብቱ የቆመው መስሪያ ቤቱ እጅ ባለው ሰነድ ላይ ነው። ያልተጻፈን ቃለ ጉባኤ እንባ ጠባቂም ሆነ ፍርድ ቤት አምጡ ብሎ ሊያስመጣው አይችልም። ማለትም የሰውን መብት ባዶ ለማስቀረት ህጉን በግልጽ መጣስ እንኳን አያስፈልግም፣ ሰነድ በአግባቡ አለመያዝ ይበቃል።

አሁን "የለም" ወደሚባለው ነገር ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ያንቺ ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። የተለያየ ነገር ነው በአንድ ቃል የሚነግሩሽ። አንዳንዱ የለም ማለት ጭራሽ አልተጻፈም ማለት ነው፣ ውሳኔው በስልክ ነው የተወሰነው፣ ስብሰባ ተካሂዶ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም ወይ ተይዞ ሳይፈረም የሆነ ሰው ማስታወሻ ደብተር ላይ ቀርቷል። ባሁኑ ጊዜ ደግሞ ትልቁ ነገር ቴሌግራም ሆኗል፤ የማኔጅመንት ግሩፕ ይከፈታል፣ ሃላፊው ማታ በቮይስ "እሺ ይፈጸም" ይላል፣ በነጋታው ስራው ይሰራል ብር ይወጣል፣ ከስድስት ወር በኋላ ሃላፊው ይዛወራል፣ ስልኩ የግሉ ስለሆነ ይዞት ይሄዳል፣ ግሩፑም ይዘጋል፣ ከዛ ያ ውሳኔ የማን እንደነበረ ማሳየት የሚችል ሰው የለም። ቴሌግራም አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም፣ ሰው ስራውን የሚያፋጥንለትን ነገር መጠቀሙ አይቀርም፣ ግን ውሳኔ የሆነ ነገር በዛው ሰሞን ወደ ደብዳቤ ወይ ወደ መስሪያ ቤቱ ኢሜይል ተዛውሮ ቁጥር ይሰጠው ነው የምለው።

ሌላው ደግሞ ተጽፏል ግን አልተመዘገበም። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ቀጥታ ሃላፊው ጋ ይገባል፣ ሃላፊው ጫፉ ላይ "ለአቶ እገሌ፣ ይታይ" ብሎ ይመራበታል፣ አቶ እገሌ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ የገቢ መዝገቡ ላይ ግን አሻራው የለም። ባለጉዳዩ ከወር በኋላ ቢመጣ መዝገብ ቤቱ እውነቱን ነው "አልደረሰንም" የሚለው። ሌላው ተመዝግቧል፣ ፋይልም አለው፣ ግን ፋይሉን ባለሙያው ለአንድ ቀን ብሎ ወስዶት አመት ሞልቶታል፣ ማን እንደወሰደው የሚል ፊርማ የለም፤ ወይ ደግሞ ለአንድ ጉዳይ ሶስት ፋይል ተከፍቶ ግማሹ በሰውየው ስም፣ ግማሹ በቦታው ስም፣ ግማሹ "ልዩ ልዩ" በሚል ክላሰር ውስጥ ነው። ይሄ "ልዩ ልዩ" የሚባል ፋይል ያለበት መስሪያ ቤት ስገባ በጣም ነው የማዝነው፣ የሰው ጉዳይ የሚቀበርበት ቦታ እሱ ነው።

የመጨረሻው "የለም" ደግሞ ሰነዱ እያለ የለም የሚባለው ነው። በተለይ መሬትና ግንባታ አካባቢ ፋይልህ ጠፍቷል ተብሎ ወራት የተመላለሰ ሰው ለሆነ ሰው የሆነ ነገር ሲሰጥ ፋይሉ በማግስቱ ይገኛል፣ ይሄን አገር የሚያውቀው ነው። ብዙ ጊዜ የስነ ምግባር ችግር ተብሎ ስልጠና ይሰጥበትና ይታለፋል። የስነ ምግባር ችግር መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ያ ፋይል መቼ ወጣ፣ ማን ፈርሞ ወሰደው፣ መቼ ተመለሰ የሚለው በየቀኑ የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ ፋይል መደበቅ በጣም ከባድ ይሆን ነበር፣ ምክንያቱም የጠፋው ፋይል መጨረሻ ላይ የማን እጅ ላይ እንደነበር በስም ይታወቃላ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የለም ስትባዪ እሺ ብለሽ አትመለሺ፣ የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ አልተጻፈም? አልተመዘገበም? ወጥቶ አልተመለሰም? መልሱን ቀኑን ጨምረሽ ጻፊው። ሁለት ሶስት ወር ከጻፍሽ የመስሪያ ቤትሽ በሽታ የቱ ጋ እንደሆነ ራሱ ይነግርሻል።

የገቢና ወጪ መዝገብ የሚባለውን ነገር ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማከብረው እሱን ነው። በአለም የመጀመሪያው የመረጃ ነፃነት ህግ ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ በ1766 የወጣው ነው። እዛ አገር አሰራሩ እስከዛሬ የሚሰራው አንዱ ምክንያት መስሪያ ቤት የገባለትንና ያወጣውን ሰነድ የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት፣ ሚስጥር ከሆነው በቀር ዝርዝሩን ራሱን ማንም ሰው ማየት ስለሚችል ነው። ጋዜጠኛው መጀመሪያ ምን ምን ሰነድ እንዳለ ያያል፣ ከዛ ይሄን ስጡኝ ይላል። እኛ ጋ ጠያቂውን የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን አምጣ እንለዋለን፣ አይቶት የማያውቀውን ወረቀት ቁጥር ከየት ያመጣል? ወረዳሽ ሌላ ምንም ባይችል በየወሩ የፋይሎቹን አርእስት ዝርዝር (የግለሰብ ጉዳይ ያልሆኑትን ማለቴ ነው) ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ ሰው ቢያንስ ምን መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል።

ገንዘቡ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይታያል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ ያልተወራረደ ሂሳብ የሚሉትን ደጋግመሽ ሰምተሻል። ኦዲተር ሰነድ ካላገኘ ገንዘቡ ተሰርቋልም አልተሰረቀምም ብሎ መናገር አይችልም፣ አስተያየት ለመስጠት አልቻልኩም ብሎ ነው የሚያልፈው። እቃ ገብቷል የተባለበት ሞዴል 19፣ ወጥቷል የተባለበት ሞዴል 22፣ የጨረታው ቃለ ጉባኤ፣ የተወዳዳሪዎቹ ዋጋ ማወዳደሪያ፣ እነዚህ አንድ ላይ ካልተገኙ ግዢው ንጹህ የነበረ ሃላፊ ራሱ ንጹህነቱን ማሳየት አይችልም። ይሄን ለአለቃሽ ንገሪው፣ ሰነድ መያዝ የሚጠቅመው ለጠያቂ ብቻ ይመስላቸዋል፣ በሃሜት ስሙ የሚጠፋ ሃቀኛ ሰራተኛ መከላከያው ያ ወረቀት ነው።

ሰነድ መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም፣ ማንም ያልነካካው መሆን አለበት። ሐምሌ 2014 ላይ የወጣው የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም እጣ ትዝ ይልሻል፣ እጣው በሲስተም ወጣ ተባለ፣ በቲቪ ታየ፣ ብዙም ሳይቆይ ዳታው ተነካክቶ መስፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች ገብተውበታል ተብሎ ተሰረዘና በ2015 እንደገና ወጣ። አስቢው፣ ለአመታት የቆጠበ ሰው ደስታው በሳምንት ውስጥ ሲነጠቅ። እጣው ሲወጣ ሁሉም ነገር በይፋ ነበር፣ ካሜራም ነበር፣ የጎደለው ከጀርባ ያለው የስም ዝርዝር ከማን መጣ፣ ማን ከፈተው፣ መቼ ተቀየረ የሚለውን መቆጣጠር ነው። እኛ ሙያ ውስጥ አንድ ሰነድ እምነት የሚጣልበት ነው የምንለው ማን እንደፈጠረው ሲታወቅ፣ ሙሉ ሲሆን፣ ከተፈጠረ በኋላ የተደረገበት ለውጥ ሁሉ አሻራው ሲኖር ነው፤ ወረቀት ይሁን ዳታቤዝ ልዩነት የለውም።

ከራሳችን ታሪክ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ 22/1984 የልዩ አቃቤ ህግ ቢሮ ተቋቋመ፣ ችሎቱ በ1987 ተጀመረ፣ በነመንግስቱ ኃይለማርያም ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታህሳስ 1999 ነው። የሰው ምስክር ብዙ ነበር፣ ግን ክሱን ትልቅ ጉልበት የሰጠው ስርአቱ ራሱ የጻፈው ወረቀት ነው፣ ፊርማና ማህተም ያለባቸው ትእዛዞች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ ወደ በላይ የተላኩ ሪፖርቶች። ደርግ ግልጽ መንግስት እንዳልነበር ማንም አይከራከርም፣ ሰነዶቹንም የጻፈው ለህዝብ ብሎ አልነበረም፣ ግን የአገራችን የቢሮ ልማድ ትእዛዝን በቁጥርና በማህተም ማስተላለፍ ስለነበር ወረቀቱ ቀረ፣ ወረቀቱ ሲቀር ደግሞ "እኔ አላዘዝኩም" ማለት ከባድ ሆነ። ልጇ ከቤት ተወስዶ አስክሬኑን ሳታይ ለኖረች እናት ያ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ አስቢ። እኔ ማህደር ላይ የምሰራ ወጣቶችን ሳሰለጥን ሁሌ ይሄን የማነሳው ዛሬ ምንም ዋጋ የሌለው የሚመስል የወጪ ደብዳቤ ግልባጭ ነገ ለማን ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ነው።

ተቃራኒውንም እይ። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ላይ ያመጹት የማው ማው አርበኞች በካምፕ ታስረን ተደብድበናል ብለው የእንግሊዝን መንግስት ከሰው ሲከራከሩ፣ ከቅኝ ግዛቶቹ ተጭኖ ሄዶ እንግሊዝ ውስጥ ሃንስሎፕ ፓርክ በሚባል ቦታ ለአስርት አመታት ተቀምጦ የኖረ የሰነድ ክምችት እንዳለ እ.ኤ.አ በ2011 ታወቀ። ሽማግሌዎቹ ስለ ድብደባውና ስለ ካምፑ የሚሉትን የሚደግፍ ወረቀት ያን ሁሉ ጊዜ ነበር፣ ዝርዝሩ ግን ለህዝብ ስላልወጣ ጠያቂ ሊያገኘው አልቻለም። እ.ኤ.አ በ2013 መንግስቱ ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎቹ ግን ያን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።

እዛው እንግሊዝ የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ ይሄኛው ስለ ሰነድ ማስወገድ ነው። ከካሪቢያን ደሴቶች በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው እድሜ ልካቸውን እዛ የሰሩ፣ ግብር የከፈሉ ሰዎች ነበሩ፣ እ.ኤ.አ ከ1973 በፊት የገቡ በመሆናቸው ህጋዊ መብት አላቸው። ሲገቡ የሞሉትን የመርከብ መግቢያ ካርድ መንግስት ይዞት ነበር፣ እ.ኤ.አ በ2010 ግን ተወገደ። ከዛ የኢሚግሬሽን ህጉ ሲጠብቅ እነዚህን ሰዎች መቼ እንደገባችሁ በሰነድ አሳዩ አሏቸው፣ ስራ ያጡ፣ ህክምና የተከለከሉ፣ የተባረሩም አሉ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ በ2018 ፈንድቶ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ አምበር ራድ ከስልጣን ለቀቀች። ማስረጃውን ያጠፋው መንግስት ነው፣ ማስረጃ አምጡ ያለውም መንግስት ነው። እኛ ጋ ይሄ ይርቃል? ዋሽንግተን ወይ ጅዳ የሚኖር ሰው የልደት ማስረጃ ሲፈልግ፣ ጡረታ የሚወጣ መምህር የመጀመሪያ ቅጥር ደብዳቤውን ሲጠየቅ፣ የሚሄዱት ወደ ድሮ ቀበሌና ወደ ድሮ መስሪያ ቤት ፋይል ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባው በአዋጅ 760/2004 መሰረት በአገር አቀፍ ደረጃ ስራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፣ ከዛ በፊት የተወለደው ሁሉ ተስፋው ያ አሮጌ ወረቀት ነው። ስለዚህ "ያረጀ ወረቀት አስወግዱ" የሚል ዘመቻ ሲመጣ እባክሽ ተከራከሪ። ማስወገድ የለበትም አልልም፣ ሁሉንም ማቆየት ራሱ ሰነድ ያጠፋል፣ ግን የማቆያ የጊዜ ሰሌዳ ተዘጋጅቶ፣ ኮሚቴ አይቶት፣ ምን እንደተወገደ ዝርዝሩ ተፈርሞበት፣ የቤተ መዛግብቱን (ወመዘክርን ማለቴ ነው) መመሪያ ጠይቃችሁ ነው። አዋጅ 179/1991 ለዚህ ተቋም ሃላፊነት የሰጠው የቆዩ መጻህፍት እንዲጠብቅ ብቻ አይደለም።

አሁን ስካነሩ። አለቃሽ ቅን ሃሳብ ነው ያለው፣ እንዳታጣጥዪው፣ ግን የተዝረከረከ ክፍልን ፎቶ ማንሳት ክፍሉን አያስተካክለውም። ያልተደራጀ ፋይል ስካን ሲደረግ የሚገኘው "ስካን 001" "ስካን 002" የሚሉ በሺ የሚቆጠሩ ፒዲኤፎች ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ቢያንስ የሽፋኑን ቀለም አይተሽ ታስታውሺው ነበር። በአማርኛ ደግሞ የራሳችን የሆነ ችግር አለብን፣ ሲስተም የሚሸጡ ሰዎች አይነግሩሽም። አንዱ ጸሀፊ "ፀሐይ" ይላል ሌላው "ጸሀይ"፣ "ኃይሉ" "ሀይሉ" "ሃይሉ"፣ "ዓለሙ" "አለሙ"፣ ኮምፒውተሩ እነዚህን የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ፈልገሽ "ምንም አልተገኘም" ይልሻል፣ ሰነዱ እዛው ቁጭ ብሎ። ስለዚህ ሲስተም ከመገዛቱ በፊት ፍለጋው ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን አንድ አድርጎ ያያል ወይ ብላችሁ በራሳችሁ ስሞች ሞክሩት። ስማችን በአባትና በአያት ስለሚሄድ እስከ አያት ካልተጻፈ አንድ ወረዳ ውስጥ ስንት ተስፋዬ ከበደ አለ። ቀኑም እንደዛው፣ 5/1/2014 ብቻ ብለሽ ካስገባሽ መስከረም 5 ነው ወይስ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ? የሰባት ስምንት አመት ልዩነት ነው፣ ዓ.ም ወይስ እ.ኤ.አ የሚል ቦታ የግድ ይኑረው። ሌላው የድሮ የኮምፒውተር ፋይሎች ናቸው፣ የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 ስለሆነ ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ብዙ ሰነድ ዛሬ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው የሚሆነው፣ እነሱን ሚያነብ ኮምፒውተር ሳይጠፋ አሁኑኑ ማተም ወይ መቀየር ይሻላል።

በጀቱ ትንሽ ከሆነ ስካን የሚደረገውን ምረጡ። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን፣ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ፣ በጀትና አፈጻጸም፣ የጨረታ ውጤት፣ የመሬት ውሳኔ፣ እነዚህን አስቀድሙ። የሰራተኛ የፈቃድ ወረቀት በኋላ ይደርሳል። ወረዳ ላይ ደግሞ ዌብሳይት ብቻ አይበቃም፣ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ይበዛል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳና የቀበሌ ስብሰባ እንዳይረሳ።

ግልጽነት ሲባል ሁሉም ይከፈት ማለት እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። የሰው የጤና ጉዳይ፣ የጠቋሚ ስም፣ እየተመረመረ ያለ ወንጀል በህጉ የተጠበቀ ነው፣ በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ግን እኔ የማየው ነገር ፋይሉ ያልተደራጀ መስሪያ ቤት አንድ ገጽ ሚስጥር ካለበት ሙሉ ፋይሉን ይከለክላል፣ ምክንያቱም የቱ ገጽ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ደብዳቤው ፋይል ሲደረግ ያኔውኑ ለብቻ የሚቀመጠው ከተለየ ግን የመንገድ ስራ ውል ሲጠየቅ የተቋራጩን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ሸፍነሽ ሌላውን መስጠት የደቂቃ ስራ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ መዋቅር ሲቀየር። አዋጅ 1263/2014 ሲወጣ የፌዴራል መስሪያ ቤቶች ሲዋሃዱና ሲከፈሉ አይተናል፣ ወረዳና ክፍለ ከተማ ላይም በየጊዜው አለ። ወንበሩና መኪናው በዝርዝር ርክክብ ይደረግበታል፣ ፋይሉ ግን በማዳበሪያ ታስሮ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። በዛ ሰሞን የጠፋ ሰነድ ተጠያቂ እንኳን የለውም፣ የድሮው መስሪያ ቤት ፈርሷል አዲሱ አልተረከብኩም ይላል። መዋቅር ሊቀየር ነው የሚል ወሬ ስትሰሚ የመጀመሪያ ስራሽ የፋይል ዝርዝር በሁለት ኮፒ አስፈርሞ ማስቀረት ይሁን።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ በኔ አስተያየት ብር ከማያስፈልገው ጀምሪ። ከመዝገብ ቤት ሰራተኛዋ ጋር ተቀመጪ፣ ብዙ ጊዜ ማንም አናግሯት አያውቅም፣ የት ምን እንዳለ የምታውቀው ግን እሷ ነች፣ ጡረታ ስትወጣ የመስሪያ ቤቱ ትዝታ አብሯት ነው የሚወጣው። ደብዳቤ ሁሉ በአንድ በር እንዲገባ፣ ሃላፊው ሳይመዘገብ የመጣ ደብዳቤ ላይ እንዳይመራ አስወስኑ፣ ይሄ አንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። ፋይሎቹን በሰው ስም ወይ በክፍል ስም መክፈቱን ትታችሁ በስራው አይነት ክፈቱ፣ ምክንያቱም ሰውም ይዛወራል ክፍሉም ስሙ ይቀየራል፣ የውሃ መስመር ዝርጋታ ግን የውሃ መስመር ዝርጋታ ነው። ፋይል ሲወጣ የወሰደው ሰው ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። ክፍሉ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ከስካነሩ በፊት ቆርቆሮው ይቀየር፣ ውሃና አይጥ የበላውን ማንም አይመልሰውም። ለሰራተኛዋ ደግሞ ስልጠናና ደረጃ እንዲታሰብላት ጠይቂ፣ መዝገብ ቤትን የቅጣት ምደባ ያደረገ መስሪያ ቤት ሰነዱን ሚጠብቅለት ሰው አያገኝም።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ሰነዱ እውነት ከጠፋ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ። በቃል የለም ብለሽ አትመልሺው፣ በደብዳቤ ይሁን። የጠየቀውን ነገር ራሱ ባለው ቃል ጻፊው፣ ከዛ የት የት እንደተፈለገ ጥቀሺ፣ የ2011 እና የ2012 የገቢ መዝገብ ታይቷል፣ የመሬት ክፍል ፋይል ቁጥር ይሄ ታይቷል፣ ፈላጊዋ ማን እንደሆነች፣ ቀኑ መቼ እንደሆነ። ሰነዱ ተመዝግቦ ፋይሉ ከሌለ ያንኑ ጻፊ፣ መጨረሻ የወጣበት ቀን ካለ ጨምሪ። ከዛ ግልባጩ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል፣ ደብዳቤ ሁሉ ግርጌው ላይ ግልባጭ የሚል አለ አይደል፣ ዞን ወይ ክፍለ ከተማ ወይ ፋይናንስ ጋ የተላከ ካለ አንቺው ጽፈሽ ጠይቂለት፣ ጠያቂውን አታንከራትቺው። አቤቱታ የት ማቅረብ እንደሚችልም በደብዳቤው ላይ ይኑር፣ የበላይ ሃላፊው ጋ ከዛም እንባ ጠባቂ። አለቃሽ እንዲህ አይነት ደብዳቤ መፈረም ሊከብደው ይችላል፣ ጥፋት ያመንን ይመስላል ይላል፣ ጠያቂው ግን አቤት ለማለትም ሆነ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚይዘው ወረቀት ያ ብቻ ስለሆነ ጠንክሪና አስፈርሚው፣ ግልባጩንም የመረጃ ጥያቄዎች ፋይል ከፍተሽ ቁጥር ሰጥተሽ አስገቢው።